ስለ ተንሳፋፊዋ ሪቺያ፤ በመስተዋት ገንዳ ውስጥ አበቃቀልዋና ስለ ሐይቆቻችን የምትሰጠው ትምህርት



በዚህ መጽሔት ብዙ ጊዜ የሚቀርበው ትምህርት ስለ እህል፥ ስለ ከብት፥ ስለ ቡናና ስለ ደን ነው። የዛሬው ግን ሥርና ግንድ ስለሌላት፥ አበባም ስለማታወጣ፥ በረጋ ውኃ ላይ ተንሳፍፋ ስለምትኖር አንዲት ታናሽ አረንጓዴ ተክል ነው። አንባቢ፥ «የወረዳው ግብር፥ የመንገዱና የእርሻው ሥራ ሳያንሰኝ፥ በመስተዋት ገንዳ ውስጥ ስለሚበቅል ሣር መማር ምን ይረባኛል?» ብሎ ቢጠይቅ ጥያቄው የተገባ ነው። መልሱም ይህ ነው፤ በታላቅ ሐይቅ ላይ የሚሆነውን ነገር ሰው በዐይኑ አይቶ ለመረዳት ዓመታት ያስፈልጉታል፤ በመስተዋት ገንዳ ውስጥ ግን ያው ነገር በጥቂት ሳምንታት ይታያል። ብርሃንና ምግብ ተንሳፋፊን ተክል እንዴት እንደሚያበዙት በገበታው ላይ በተቀመጠች ገንዳ የተረዳ ሹም፥ በግዛቱ ባለው ሐይቅ፥ ኩሬ ወይም ቦይ ላይ እንግዳ ቅጠል በታየ ጊዜ ዝም ብሎ አያልፈውም።

ስለዚህ ጽሑፉ ሁለት ነገር ይዟል። አስቀድሞ ተክሊቱን በመስተዋት ገንዳ ውስጥ ማብቀል የሚወድ ሰው፥ ወይም በትምህርት ቤት ለልጆች ማሳየት የሚፈልግ መምህር፥ የሚሠራበትን መንገድ በተራ እንገልጻለን። ቀጥሎም ከገንዳዋ ወደ ሐይቁ እንሄዳለን። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

1ኛ፤ ስለ ተክሊቱ ማንነት

ተክሊቱ በሊቃውንት ቋንቋ ሪቺያ ፍሉይታንስ ትባላለች። ሪቺያ የሚለው የወገንዋ ስም ሪቺ ከሚባል የፍሎሬንስ ሰው የተወሰደ ሲሆን፥ ስሙን የሰጠው ፒዬር አንቶኒዮ ሚኬሊ የሚባለው ኢጣልያዊ የዕፅዋት ሊቅ በ1729 ዓ.ም. በፍሎሬንስ ባሳተመው መጽሐፍ ነው። ፍሉይታንስ ማለት በላቲን ተንሳፋፊ ማለት ነው፤ ይህንንም መጠሪያ ካርል ሊኔዎስ የተባለው የስዊድን ሊቅ በ1753 ዓ.ም. መዝግቦታል።

ሪቺያ ከሣር ወገን አይደለችም፤ ውኃን አረንጓዴ ከሚያደርገው ከአልጌም ወገን አይደለችም። በእርጥብ ድንጋይና በጥላ ሥር ተለጥፈው ከሚኖሩ፥ አበባም ፍሬም ከሌላቸው፥ እንደ ዱቄት በደቀቀ ዘር ከሚራቡ ጥንታውያን ዕፅዋት አንዷ ናት። የዚህ ወገን ዓይነቶች በዓለም ላይ ከ7000 ይበልጣሉ። አውሮፓውያን «የጉበት ቅጠል» የሚል ስም የሰጡአቸው አንዳንዶቹ ቅርጻቸው ጉበት ስለሚመስል ነው፤ በጥንት ዘመንም ቅርጹ ጉበት የሚመስል ሁሉ የጉበትን ሕመም ይፈውሳል ተብሎ ይታመን ነበር። ይህ እምነት መሠረት የለውም፤ ስለዚህ ማንም ሰው ሪቺያን ለመድኃኒት ብሎ እንዳይጠጣት እናስጠነቅቃለን።

መልክዋ እንዲህ ነው። ከጫፍ እስከ ጫፍ አንድ ወይም ጥቂት ሴንቲሜትር የምትረዝም፥ ስፋትዋም 1 ሚሊሜትር ያህል የሆነች፥ ብሩህ አረንጓዴ ክር ትመስላለች። ይህች ክር እንደ ባላ እንጨት ለሁለት ትከፈላለች፤ እያንዳንዱም ክፋይ እንደገና ለሁለት ይከፈላል። ብዙዎቹ እርስ በርሳቸው ሲጠላለፉ በውኃው ፊት ላይ እንደ ለስላሳ ምንጣፍ ይሆናሉ። በሰውነትዋ ውስጥ አየር የያዙ ባዶ ስፍራዎች ስላሉ አትሰጥምም። ውኃው ሸሽቶ በጭቃ ላይ ብትቀር ግን ቀጫጭን ክሮች አውጥታ መሬቱን ትይዛለች፤ በውኃ ላይ ሳለች እነዚህ ክሮች አይኖሩአትም። ምግብዋን በሰውነትዋ ሁሉ ከውኃው ትወስዳለች እንጂ በሥር አትመገብም።

የመራባትዋ ነገር ልብ ሊባል የሚገባ ነው። የኋለኛው ክፍልዋ ሲያረጅና ሲሞት፥ ከፊት ያሉት ሁለት ቅርንጫፎች ተለያይተው ሁለት ተክሎች ይሆናሉ። ሰው በእጁ ቢቆርጣትም፥ ዓሣ ቢበጥሳትም፥ የተቆረጠው ቍራጭ ሁሉ ራሱን ችሎ ይኖራል። ይህን ቃል አንባቢ እንዲይዝልን እንለምናለን፤ ወደ ኋላ እንመለስበታለንና።

2ኛ፤ ስለ ገንዳውና ስለ ውኃው

ለጀማሪ ርዝመቱ 60፥ ወርዱ 30፥ ከፍታው 30 ሴንቲሜትር የሆነ የመስተዋት ገንዳ ይበቃዋል። እንዲህ ያለው ገንዳ ሲሞላ 54 ሊትር ውኃ ይይዛል፤ የውኃው ክብደት ብቻ 54 ኪሎ ያህል ስለሆነ የሚቀመጥበት ገበታ ጠንካራና የተስተካከለ ይሁን። ገንዳ የማያገኝ ሰው አፈ ሰፊ በሆነ የብርጭቆ ማሰሮ መጀመር ይችላል፤ ለተክሊቱ ያንሳታል አይባልም።

ውኃው ለሰው መጠጥ የሚሆን ንጹሕ ውኃ ይሁን። ከቧንቧ የተቀዳ ከሆነ የማጽጃው የክሎር ሽታ እንዲወጣለት በሰፊ ዕቃ አድርጎ አንድ ቀንና አንድ ሌሊት ማሳደር ይገባል። ሙቀቱ ከ20 እስከ 26 ዲግሪ ቢሆን ለተክሊቱ ይስማማታል፤ እስከ 15 ዲግሪ ቢበርድም ዕድገትዋ ይዘገያል እንጂ ወዲያው አትሞትም። ስለዚህ በደጋ አገር ያለ ሰው ለተክሊቱ ብሎ የውኃ ማሞቂያ መግዛት አያስፈልገውም፤ ከሞቃት አገር የመጡ ዓሦች አብረዋት ካሉ ግን ለእነርሱ ያስፈልጋል።

በየሳምንቱ ከውኃው ከአራት አንዱን እጅ ቀድቶ ማውጣትና በታደረ ንጹሕ ውኃ መተካት መልካም ልማድ ነው። የሚወጣው ውኃ የት እንደሚደፋ በስተመጨረሻ እንነግራለን።

ከዓሦች ወገን እንደ ጉፒ ያሉ ትንንሾች ከሪቺያ ጋር ተስማምተው ይኖራሉ፤ የተወለዱት ጫጩቶቻቸውም ትልልቆቹ እንዳይበሉአቸው በምንጣፍዋ ውስጥ ይሸሸጋሉ። ወርቃማው ዓሣ ግን ይበላታል። እንደ ቆሮሶ ያለው የሐይቅ ዓሣም ለእንዲህ ያለው ጠባብ ገንዳ አይሆንም።

3ኛ፤ ስለ ብርሃን

አረንጓዴ ተክል ሁሉ በብርሃን ኃይል ከአየርና ከውኃ ምግቡን ያዘጋጃል። ሪቺያም በቂ ብርሃን ስታገኝ ጥቅጥቅ ብላ ትበቅላለች፤ ሲያንሳት ትሳሳለች፥ ቀለምዋም ይገረጣል። ከገንዳው በላይ የሚሰቀል የኤሌክትሪክ መብራት በቀን ከ8 እስከ 10 ሰዓት ቢበራላት ይበቃታል። መብራቱ በየቀኑ በአንድ ሰዓት በርቶ በአንድ ሰዓት ይጥፋ፤ ተክልም እንደ ገዳም ሰው ሥርዓት ይወዳልና።

የፀሐይ ብርሃን በቀጥታ በገንዳው ላይ እንዲያርፍ ማድረግ ግን ስሕተት ነው። የዚህ ጽሑፍ ጸሐፊ በመጀመሪያ የሞከረው በመስኮት ላይ ባስቀመጠው የብርጭቆ ማሰሮ ነበር። «ፀሐይ ለተክል ሁሉ እናት ናት» ብሎ በማሰቡ ማሰሮውን ወደ ምሥራቅ አዞረው፤ በሁለተኛው ሳምንት ውኃው እንደ ጎመን ወጥ አረንጓዴ ሆነ፥ ሪቺያዋም በአልጌ ተሸፍና ጠፋች። ጥፋቱ የፀሐይ አልነበረም፥ የአለመመጠን ነበር እንጂ። ብርሃን ከመጠን ሲያልፍ የሚጠቀምበት አስቀድሞ የሚባዛው ነው፤ አልጌም ከሪቺያ ፈጥኖ ይባዛል።

4ኛ፤ ስለ ምግብና ስለ አየር

ተክሊቱ ከውኃው የምትፈልገው ምግብ ናይትሮጅን፥ ፎስፎረስ፥ ፖታስየም፥ ብረትና ሌሎችም ጥቃቅን ማዕድናት ናቸው። ዓሦች ባሉበት ገንዳ ናይትሮጅኑና ፎስፎረሱ ከዓሦቹ ኩስና ከሚበሉት ምግብ ይገኛል፤ ፖታስየምና ብረት ቢያንሱ ለገንዳ ተክል የተዘጋጀውን ፈሳሽ ማዳበሪያ በጥቂቱ መጨመር ይቻላል። በእርሻ ላይ የሚበተነውን ዩሪያ ወይም ዳፕ በገንዳ ውስጥ መጨመር ግን ፈጽሞ አይገባም። ዩሪያ በውኃ ውስጥ ወደ አሞኒያ ይለወጣል፤ አሞኒያም ዓሣን ይገድላል። ፎስፎረሱም አልጌን ያፈላል። በአንድ ማንኪያ ማዳበሪያ አንድ ገንዳ እንደሚጠፋ ያየ ሰው፥ ከስንት ሺህ ማሳ በክረምት ዝናብ ታጥቦ ወደ ሐይቅ የሚወርደው ማዳበሪያ ምን እንደሚሠራ ለማወቅ ሌላ መምህር አያሻውም።

ከምግብ ሌላ ተክሊቱ ካርቦን ዳይኦክሳይድ የሚባለውን አየር ትፈልጋለች። ይህ አየር እንግዳ ነገር አይደለም፤ ጠላ ወይም ጠጅ ሲፈላ ከጋኑ እየተፍለቀለቀ የሚወጣው እርሱ ነው። በውኃው ፊት ላይ የምትንሳፈፈው ሪቺያ ከላይ ካለው አየር ስለምታገኝ አትቸገርም። ከውኃው ሥር የታሰረችው ግን ብትጨመርላት ፈጥና ታድጋለች። ባለጸጎች በብረት ሲሊንደር የታመቀውን ይገዛሉ፤ ሌላው ሰው ግን በአንድ ጠርሙስ ለብ ያለ ውኃ፥ አንድ ብርጭቆ ስኳርና ጥቂት የዳቦ እርሾ አድርጎ፥ ከክዳኑ በቀጭን ቱቦ ወደ ገንዳው ቢያደርሰው ያው ሥራ ይሠራለታል። ቱቦው እንዳይደፈን ይጠንቀቅ፤ የታፈነ ጠርሙስ ይፈነዳልና።

ብርሃኑም ምግቡም አየሩም በተስተካከለ ጊዜ አንድ ደስ የሚያሰኝ ነገር ይታያል። ተክሊቱ የምታወጣው ኦክሲጅን ውኃው ከሚይዘው በላይ ሲሆን፥ በየቅርንጫፍዋ ጫፍ ላይ ጥቃቅን የአየር ፊኛዎች እንደ ሉል ተንጠልጥለው ያበራሉ። ይህን ለትምህርት ቤት ልጅ ያሳየ መምህር፥ ተክል እንደሚተነፍስ በቃል ብዙ ማስረዳት አያስፈልገውም።

ነገር ግን በሌሊት ነገሩ ይገለበጣል። ብርሃን በሌለ ጊዜ ተክሊቱም እንደ ዓሣው ኦክሲጅንን ትወስዳለች እንጂ አትሰጥም። ስለዚህ በተክል ከመጠን በላይ በታጨቀ ገንዳ፥ ንጋት ላይ ዓሦቹ አፋቸውን ወደ ውኃው ፊት አውጥተው ሲያለከልኩ ይታያሉ። ያን ጊዜ ከተክሊቱ ግማሹን ማንሣትና የካርቦን ዳይኦክሳይዱን ቱቦ በሌሊት ማውጣት ያስፈልጋል።

5ኛ፤ በድንጋይ ላይ ስለ ማሰር

ሪቺያ በተፈጥሮዋ ተንሳፋፊ ብትሆንም፥ ከውኃው ሥር እንደ መስክ ሣር እንድትታይ የማድረግን ጥበብ በዓለም ያስፋፋው ታካሺ አማኖ የሚባል ጃፓናዊ ነው። በ1954 ዓ.ም. በኒጋታ ተወለደ፤ ፎቶግራፍ አንሺም የመስተዋት ገንዳ አዋቂም ሆኖ፥ በ1992 ዓ.ም. ባሳተመው የሥዕል መጽሐፍ ሥራው በብዙ አገር ታወቀ፤ በ2015 ዓ.ም. አረፈ። ጥበቡ ተራራን፥ ሸለቆንና መስክን እያየ በገንዳ ውስጥ መምሰል ነበር፤ ለመስኩም በድንጋይ ላይ የታሰረችውን ሪቺያ ይጠቀምባት ነበር።

አሠራሩ እንደሚከተለው ነው። መዳፍ የሚያህል ጠፍጣፋ ድንጋይ ይመረጣል፤ በውኃ ውስጥ የሚሟሟ የኖራ ድንጋይ ባይሆን ይሻላል። ከሪቺያዋ 1 ሴንቲሜትር ያህል ውፍረት ያለው ስስ ንጣፍ ተወስዶ በድንጋዩ ላይ እኩል ይነጠፋል። ቀጥሎ በዓሣ ማጥመጃ ቀጭን የናይሎን ክር ወዲያና ወዲህ፥ ላይና ታች ተደጋግሞ ይታሰራል፤ ወይም ሴቶች ለጠጕራቸው በሚያደርጉት ስስ መረብ ይሸፈናል። ድንጋዩ ብርሃኑ በሚያርፍበት ስፍራ በገንዳው ወለል ላይ ይቀመጣል። ነገሩ ከተስማማት በጥቂት ሳምንታት ክሩን ሸፍና ትለመልማለች።

እዚህ ላይ የብዙ ጀማሪዎች ስሕተት ንጣፉን ማወፈር ነው። ውፍረቱ ሲበዛ ከታች ያለው ብርሃን ያጣና ቡናማ ሆኖ ይበሰብሳል፤ ሥር ስለሌላትም ከላይ ያለው ለምለሙ ክፍል ተገንጥሎ ወደ ላይ ይንሳፈፋል። በአንድ ሌሊት ድንጋዩ ራቁቱን ሲቀር ባለቤቱ ይደነግጣል፤ ጉዳዩ ግን ከመጀመሪያው የታወቀ ነበር።

6ኛ፤ ስለ መከርከም

በድንጋይ ላይ ያለችው ሪቺያ ቁመትዋ 3 ሴንቲሜትር ያህል ሲሆን በስለታም መቀስ ትከርከም። ከመከርከም በፊት ውኃ የሚያንቀሳቅሰው መሣሪያ ይጥፋ፤ አለዚያ ቍርጥራጩ በገንዳው ሁሉ ይበተናል። የተቆረጠው ወዲያው በስስ መረብ ይለቀም። አንዲት ቍራጭ በሌላው ተክል መካከል ተሸጕጣ ብትቀር፥ በሚቀጥለው ወር በዚያ ስፍራ የሪቺያ ቁጥቋጦ ይገኛል። ተንሳፋፊዋም ምንጣፍ ከውኃው ፊት ከግማሹ በላይ እንዳትሸፍን በየሳምንቱ ማንሣት ነው፤ አለዚያ ከሥር ያሉትን ተክሎች ጥላ ታለብሳቸዋለች።

7ኛ፤ ስለሚያጋጥሙ ጉድለቶች

ሀ) ተክሊቱ ብትገረጣ፥ ብርሃን ወይም ብረት አንሷታል ማለት ነው፤ አስቀድሞ ብርሃኑ ይመርመር።

ለ) በአረንጓዴ ክር ብትጠለፍ፥ አልጌ ገብቶባታል። ከሪቺያ ላይ አልጌን መልቀም እጅግ አድካሚ ነው፤ ስለዚህ የተበከለውን አውጥቶ መጣልና ከንጹሑ ክፍል እንደገና መጀመር ይሻላል። ብርሃኑም ለጊዜው በቀን ወደ 6 ሰዓት ይቀነስ።

ሐ) ከታች ብትበሰብስ፥ ንጣፉ ወፍሯል፤ ይፈታና እንደገና ሳስቶ ይታሰር።

መ) ከእርስዋ ጋር ሌላ ቅጠል ቢታይ፥ ምን እንደሆነ ሳያውቁ ማሳደግ አይገባም። አዲስ የመጣ ተክል ሁሉ በሌላ ዕቃ ለ2 ወይም ለ3 ሳምንት ተለይቶ ይቆይ፤ ቀንድ አውጣም እንግዳ ተክልም ካለ በዚያ ይታያል። እንደ ምስር ክክ ያሉ ክብ ቅጠሎች ቢታዩ የዳክዬ ሣር ነው። ጠጕር ያላቸው ጥንድ ጥንድ ቅጠሎች ቢሆኑ ሳልቪኒያ ነው። እንደ ሰላጣ ጭንቅላት የተከፈተ ቢሆን የውኃ ሰላጣ ነው። የቅጠሉ እጀታ እንደ ፊኛ የተነፋና ሐምራዊ አበባ የሚያወጣ ቢሆን ግን፥ እርሱ እምቦጭ ነውና ወዲያው ወጥቶ ይድረቅ፥ ይቃጠልም።

8ኛ፤ ገንዳዋ ስለ ሐይቅ የምታስተምረው

አሁን ከገንዳዋ ወደ ሐይቁ እንሂድ። እምቦጭ የተፈጥሮ አገሩ ደቡብ አሜሪካ ነው። ከዚያ ያወጣው ነፋስም ወፍም አልነበረም፥ የአበባውን ውበት የወደደ ሰው ነው እንጂ። ለአትክልት ስፍራና ለኩሬ ጌጥ ተብሎ ከአገር ወደ አገር ተወሰደ፤ ከኩሬ ወደ ቦይ፥ ከቦይም ወደ ወንዝ ወጣ። በ1958 ዓ.ም. በሱዳን በነጭ ዓባይ ላይ ታየ። በ1965 ዓ.ም. በአገራችን በቆቃ ሐይቅና በአዋሽ ወንዝ መኖሩ ተነገረ። በ2011 ዓ.ም. ደግሞ በጣና ሐይቅ ታወቀ።

ጣና 3000 ካሬ ኪሎሜትር ያህል የሚሰፋ፥ ጥልቀቱ ግን በአማካይ ከ10 ሜትር የማይበልጥ ሐይቅ ነው። በሌላ አገር የማይገኙ ከ10 የሚበልጡ የባርበስ ዓሣ ዓይነቶች ይኖሩበታል፤ ከእነዚህም ብዙዎቹ እንቁላላቸውን ለመጣል እንደ ጉማራና ርብ ወዳሉት ወንዞች ይወጣሉ። እምቦጩ የበረታው በደንቢያ፥ በጎንደር ዙሪያ፥ በሊቦ ከምከምና በፎገራ በኩል ባለው ዳርቻ፥ እነዚህ ወንዞች ደለልና የእርሻ እጣቢ ይዘው በሚገቡበት አቅራቢያ ነው። ዓሣ አጥማጁ ታንኳውን ማስገባት አቃተው፤ መረቡም ተያዘ። ውኃ ሲሸሽ ከብት የሚሰማራበት መስክ በእምቦጭ ተሸፈነ። ብዙ ሺህ ገበሬዎች ወገባቸው እስኪሰጥም ውኃ ውስጥ ገብተው በእጃቸው ነቀሉት፤ በሚቀጥለውም ክረምት ተመልሶ አገኙት።

ለምን ተመለሰ? መልሱን በገንዳዋ አይተናል። ብርሃን አለ፥ የረጋ ውኃ አለ፥ ናይትሮጅንና ፎስፎረስ ከማሳው ታጥቦ ይገባል፤ ሦስቱ እስካሉ ድረስ ተንሳፋፊ ተክል ከመባዛት አይከለከልም። በዚህም ላይ እምቦጭ እንደ ሪቺያ በመከፋፈል ብቻ የሚራባ አይደለም፤ ከጎኑ ልጆች ያወጣል፥ ዘሩንም ወደ ጭቃው ይጥላል፤ ዘሩ በጭቃ ውስጥ 20 ዓመት ያህል ሳይሞት መቆየት ይችላል።

የመባዛቱን ፍጥነት በሒሳብ እንመልከተው። በተመቸው ስፍራ በ2 ሳምንት እጥፍ ይሆናል። በአንድ ተክል ብንጀምር፥ ከ20 ሳምንት በኋላ 1,024 ይሆናል፤ ከ40 ሳምንት በኋላ ግን 1,048,576 ይሆናል። እርግጥ ነው፥ ብርድ፥ ማዕበልና የስፍራ ጥበት ስለሚያግዱት በሐይቅ ላይ ሁልጊዜ እንዲህ አይሄድም። ነገር ግን ሹም ልብ ሊለው የሚገባው ይህ ነው፤ አንድ ኩሬ ግማሹ ተሸፍኖ ባየው ጊዜ «ገና ግማሹ ቀርቷል» ብሎ ቢያስብ፥ የቀረው ግማሽ የ2 ሳምንት ነገር ነው። ከዚያ በፊት ያለፉትን ብዙ ሳምንታት ግን ማንም ሳያየው አልፈዋል። አንድ ተክል በታየበት ቀን አንድ ሰው በአንድ እጁ ያወጣዋል፤ ዓመት ከቆየ በኋላ ወረዳው ሁሉ ቢወጣ አይጨርሰውም።

በምንጣፉ ሥር ያለው ውኃ ደግሞ ብርሃን ያጣል፥ ኦክሲጅኑም ያንሳል፤ ከላይ የሚሞተው ቅጠል ወደ ታች ወርዶ ሲበሰብስ የቀረውን ኦክሲጅን ይወስዳል። በገንዳችን ንጋት ላይ ያለከለኩትን ዓሦች እናስታውስ።

9ኛ፤ ሹምና ባለ ይዞታ ሊያደርጉት ስለሚገባ

አንደኛ፤ በግዛቱ ያሉትን የረጉ ውኃዎች ሁሉ፥ ሐይቁንም፥ የመስኖውን ግድብና ቦይም፥ በክረምት መውጫ አንድ ጊዜ፥ በበጋም አንድ ጊዜ ዙሮ የሚያይ ሰው ይመደብ። ዓሣ አጥማጆችና እረኞች ከሁሉ አስቀድሞ ስለሚያዩ፥ የእምቦጩ መልክ ለእነርሱ ይነገራቸው።

ሁለተኛ፤ እምቦጭ ሲነቀል አበባ ሳያወጣ ይሁን። ከክብደቱ ከ100 እጅ 90 የሚበልጠው ውኃ ስለሆነ፥ አርጥቦ ሩቅ ማጓጓዝ ጉልበት ማባከን ነው፤ በዳርቻው አጠገብ፥ ነገር ግን የክረምቱ ሙላት ከማይደርስበት ከፍ ያለ ስፍራ ተከምሮ ይድረቅ። ሙላት በሚደርስበት መከመር ለሐይቁ መልሶ መስጠት ነው።

ሦስተኛ፤ ከታመመ ውኃ ወደ ጤነኛ ውኃ የሚሄድ ታንኳና መረብ ታጥቦ በፀሐይ ይድረቅ።

አራተኛ፤ በሐይቅና በወንዝ ዳር ያለው መሬት እስከ ውኃው አፍ ድረስ አይታረስ። ሣርና ዛፍ ያለበት የዳር ቀበቶ ቢተው፥ አፈሩንና ማዳበሪያውን ይይዛል። እምቦጭን ከሐይቅ እየነቀሉ ምግቡን ከማሳ መላክ፥ በአንድ እጅ እየሰበሰቡ በሌላው መበተን ነው። በሌሎች አገሮች፥ ለምሳሌ በቪክቶሪያ ሐይቅ፥ ተክሉን የሚበሉ ትንንሽ ጢንዚዛዎች ተለቀው ረድተዋል፤ ይህ ግን የአዋቂዎች ሥራ ስለሆነ ማንም በራሱ ፈቃድ አይሞክረው።

አምስተኛ፤ የገንዳ ተክል የሚያሳድግ ሁሉ፥ የማይፈልገውን ተክል ወደ ወንዝ፥ ወደ ኩሬ ወይም ወደ ቦይ አይጣል። ሪቺያ በዓለም ብዙ ስፍራ በተፈጥሮዋ የምትገኝ፥ ጉዳትዋም ከእምቦጭ ጋር የማይነጻጸር ብትሆንም፥ በውስጥዋ ምን ተሸሽጎ እንዳለ አይታወቅም፤ ልማዱም ራሱ አደገኛ ነው። የሚጣለው ተክል በፀሐይ እስኪሰባበር ይድረቅ፥ ከዚያም ይቀበር ወይም ይቃጠል። የገንዳው ውኃ በአትክልት ሥር በአፈር ላይ ይፍሰስ፤ ለጎመኑም ለአበባውም ይጠቅማል።

ስለዚህ ነገር ጸሐፊው የሚናዘዘው አለው። ከላይ እንደተናገረው ማሰሮው በአልጌ በተበላሸ ጊዜ፥ ይዞት ወጥቶ በደጁ ባለው የአዲስ አበባ የውኃ መውረጃ ቦይ ላይ ሊደፋው አዘንብሎ ነበር። በዚያን ጊዜ ቦዩ ወዴት እንደሚሄድ አሰበ። ቦዩ ወደ አቃቂ ወንዝ ይገባል፤ አቃቂ ወደ አዋሽ ይገባል፤ አዋሽም ወደ ቆቃ ይገባል። እጁን መለሰና ማሰሮውን በግቢው ጽጌረዳ ሥር ደፋው። ምናልባት በዚያች ማሰሮ ውስጥ ምንም ክፉ ነገር አልነበረም። ነገር ግን እምቦጭንም ከኩሬው ወደ ወንዝ የጣለው ሰው እንዲሁ ምንም ክፉ ነገር ያለበት አልመሰለውም ነበር።

መደምደሚያ

እንግዲህ ከአንዲት ሥር አልባ ተክል የተማርነው ይህ ነው። መልካም አድርጎ ለያዛት ሰው ሪቺያ የዐይን ደስታና የልጆች ትምህርት ቤት ናት፤ መጠንዋን ለጠበቀላትም በታናሽ ገንዳ ውስጥ ለብዙ ዘመን ትኖራለች። ያው የመባዛት ኃይል ግን መጠኑን ሲያልፍ፥ ሐይቅን ይዘጋል፥ የዓሣ አጥማጁንም እንጀራ ያሳጣል። በገንዳ የሚከረክም መቀስ አለ፤ በሐይቅ ግን መቀሱ የሹሙ ትጋት፥ የባለ ይዞታው ጥንቃቄና የሕዝቡ ዐይን ነው። ስለዚህ በየግዛታችሁ ያሉ መምህራን ይህን ትምህርት በአንድ ማሰሮ ለልጆች እንዲያሳዩ፥ እናንተም የመጀመሪያው ቅጠል በታየ ቀን ሳትዘገዩ ሰው እንድትልኩ፥ በአክብሮት እናሳስባለን።